ቢጫው ለቢጫ፣ ነጩ ለነጭ

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5

ዝናብ። ጠዋት ሸመንኩ። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መሪ ታዴዎስ ለሚዘምሩት ልጆች ነጠላ አዝዞኛል። ጥለቱ አረንጓዴ ይሁን ብሏል። «ጋሼ፣ የእንሰት ቅጠል ዓይነት አረንጓዴ።» ዶርዜ ተወልጄ ያደግኩትን እኔን የእንሰት ቅጠል ሊያስተምረኝ…

ከሰዓት አቡበከር መጣ፣ እንደ ወትሮው ቅዳሜ። ታችኛው ሰፈር ሲቀላ ያለውን የኤሌክትሮኒክስ ሱቁን ለሚስቱ ለሙባረካ ትቶ እኔ ዘንድ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ድረስ ይወጣል። ፕሌይስቴሽኑን ከፈትን። ኳስ። እሱ ቢጫ ለባሾቹን፣ እኔ ነጮቹን። ተሸነፍኩ። ኳሷን ደጋግሜ ለሱ ሰዎች አቀበልኩ።

«ደግፌ፣ አንተ ለማን ነው የምትጫወተው?»

«ቴሌቪዥኑ ቀለሙን ለቋል። ያንተ ቢጫ ነጭ ሆኗል።»

«እሺ። ቴሌቪዥኑ ነው።»

አነጋገሩ አላማረኝም።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ልጄ ቤተል ናት። «አባዬ፣ ከግድግዳ ጋር ከምታወራ ጻፍ» ብላ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ቢሆንም እጄ አልረሳም። ችግሩ ደብተሩ ነው። መስመሩ አይታይም። ዘንድሮ ቀለም ቆጥበው ነው የሚያትሙት።

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

የሚጻፍ የለም። ከደጄ ሆኜ ሐይቆቹን አየሁ። አባያ ድሮም ቡናማ ነው። ጫሞ ግን ሰማያዊ ነበረች፣ አሁን እሷም አባያን መስላለች። ጎርፉ ይሆናል። ወይ ተራራው ላይ ያሉት ሰዎች ዛፉን ጨርሰውት።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

መብራት ሄዶ ሲመለስ ቴሌቪዥኑ ጧ አለ። ሸተተ። በቃ።

ትልቁ፣ ባለ ሆዱ ቴሌቪዥን። ሚስቴ አገርነሽ ዳንቴል የምታለብሰው… እግዚአብሔር ነፍሷን ይማርና፣ ፕሌይስቴሽኑን ያስቀረችው እሷ ናት። ልጃችን ክብሩ ሐዋሳ ሥራ ሲይዝ ጥሎት ሄደ። እንሽጠው አልኩ። «ተው፣ መጀመሪያ እስቲ አሸንፈኝ» አለች። ከሽመና ስነሳ ትጠብቀኝ ነበር። ነጮቹን የሰጠችኝም እሷ ናት፣ «ሸማኔ ነጭ ነው የሚያምርበት» ብላ። አንድም ቀን አላሸነፍኳትም። ስለዚህ አልተሸጠም።

ስትሞት አቡበከር ለቅሶ መጥቶ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ሲሄድ እሱ ቀረ። ወደ ፕሌይስቴሽኑ በአገጩ አመለከተና «ይሄ ነገር ይሠራል?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው።

አሁን ምን ሊሆን ነው?

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

አቡበከር መጣ። ቴሌቪዥን የለም። ተቀመጥን። ስለ ሙዝ ዋጋ አወራን። እሱ ሙዝ የለውም። እኔም የለኝም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

ክብሩ ከሐዋሳ በአውቶቡስ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ላከ። ቀጭን። ልክ ትሪ። ሆዱ የት ሄደ? ምስሉን የት ነው የሚያስቀምጠው?

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

ራሴ ሰካሁት። ሰው አልጠበቅኩም። ገመዱ ሦስት ጫፍ ነው። ቢጫው ምስል፣ ነጩና ቀዩ ድምፅ። ቢጫው ለቢጫ፣ ነጩ ለነጭ፣ ቀዩ ለቀይ። ለዚህ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም።

ምስል የለም። ድምፁ ደግሞ እንደ ንብ ቀፎ… ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ያው ንብ። ለአቡበከር ደወልኩ።

«ቢጫው ቢጫ ውስጥ ገብቷል?»

«ሸማኔን ቀለም ትጠይቃለህ?»

«አልጠየቅኩም። መጣሁ።»

መጣ። ወደ ኋላው ጎንበስ አለ፣ በእጁ አንድ ነገር አደረገ፣ ምስሉ ከች አለ።

«ምን አደረግክ?»

«ምንም። ነካ አደረግኩት።»

መንካትማ እኔም ነክቼ ነበር።

ግን ምስል ተብዬው… በእርጥብ ሸማ ውስጥ አሾልቀህ የምታይ ነው የሚመስለው። የኔ ሰው የቱ ነው፣ የሱ ሰው የቱ ነው? አቡበከር ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሱቅ ውስጥ ያለ መሰለው። «ጠፍጣፋው ቢጫውን ገመድ አይወድም» አለ። «ቢጫው ቀለሙን ሁሉ ባንድ ክር ጨምቆ ነው የሚያመጣው። ሌላ ገመድ አለ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ። ምስሉን ለሦስት ተካፍለው ይዘው ይመጣሉ። አንተ ክር ታውቃለህ። ሁሉንም ባንድ ቀዳዳ ብታሳልፈው አይዘበራረቅም?»

«ነጠላ ባንድ መወርወሪያ ነው የሚሠራው። ተዘበራርቆ አያውቅም» አልኩት።

ክርክሩን ትቶ መጫወቻውን አነሳ። ደስ አለኝ። ግን ተሸነፍኩ። ስንት ለስንት እንደሆነ አልጽፍም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3

አቡበከር ትንሽ ሳጥን ይዞ መጣ። ቢጫው በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላው በኩል ቀጭኑ አዲሱ ገመድ ይወጣል። «እስቲ ይሄንን ሞክረው፣ ሁሉም ሰው ይሄንን ነው የሚገዛው» አለ።

ሞከርነው። እኔ እመታለሁ፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ልጅ ቆሞ ያስባል። ከዚያ ይመታል። ኳሷ ፈቃድ ጠይቃ ነው እንዴ የምትሄደው? አቡበከር ራሱ ባዶ ጎል ፊት ቆሞ ሳተ። «ሳጥኑ ምስሉን ተርጉሞ እስኪያቀብል ነው የሚዘገየው» አለ። አስተርጓሚ ይዞ ኳስ ጨዋታ አይቼ አላውቅም። መልስልኝ አልኩት።

«እንግዲያው አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀዩን አመጣልሃለሁ። እኔ ራሴ እሰካዋለሁ።»

«አምጣው። እጅ አለኝ።»

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ቤተል ከምትኖርበት ከላንቴ መጣች፣ ሙዝ ይዛ። ደብተሩን ገለጠች። ሳታስፈቅደኝ። «አባዬ፣ ፊደልህ ተልቋል። መስመር ትስታለህ።»

«መስመሩ ነው የሚስተኝ።»

«ዓይንህን ታይ። እኔ እወስድሃለሁ።»

ሙዙን መላጥ ጀመርኩ። አባቴ ዶርዜ ላይ ዓይኑ ደከመ ሲባል በማግስቱ የሽመና ዕቃውን ነቅለው ለአጎቴ ሰጡት። ሲሸምን እግሩን የሚያስገባበትን ጉድጓድ ደፈኑት። ፀሐይ ላይ አጎዛ አንጥፈው አስቀመጡት፣ እዚያው ቀረ። እጁ ግን አላረፈም። ባዶ መወርወሪያ ሲወረውር ይውላል። አየር ሲሸምን…

ዶክተር «ዓይንህ ደክሟል» ካለኝ የኔንም ጉድጓድ ይደፍኑታል። ዓይኔ ደህና ነው። ገመዱ ነው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ከአቡበከር ጋር ተጣላን።

አዲሱን ገመድ ትናንት በሰው ልኮልኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሰካሁት። አምስት ጫፍ ነው። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ደግሞ ነጭ፣ ደግሞ ቀይ። ሁለት ቀይ! የትኛው ቀይ የየትኛው ነው? እሱን እንኳ በብልሃት ለየሁት፣ ጎን ለጎን ታስረዋል። አረንጓዴውን ለአረንጓዴ፣ ሰማያዊውን ለሰማያዊ።

ጨለማ። ምንም የለም። የፈረንጅ ጽሑፍ ብቻ ወዲያ ወዲህ ይንሸራሸራል።

ባጃጅ ይዤ ሲቀላ ወረድኩ። ሱቁ ሰው ሞልቷል። ገመዱን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት።

«ብልሽት ለጓደኛ ይላካል?»

አገላብጦ አየው። ቀስ ብሎ «ደግፌ፣ ሰማያዊውን አረንጓዴ ውስጥ ከተኸው ይሆናል» አለ።

ሰው ፊት። ገበያተኛው እየሰማ። እኔ፣ ጥለት ስሠራ የሴቻ ሴቶች ተሰብስበው የሚያዩኝ ሰው፣ ሰማያዊና አረንጓዴ አልለይም!

«ቀለምን አንተ ነህ የምታስተምረኝ፣ ገመድ ሻጭ?» አልኩት።

ሙባረካ «ኧረ በአላህ፣ ሽማግሌዎች!» አለች። አልሰማኋትም። አቡበከር ገመዱን አንስቶ ጠቀለለ። «ውሰደው» አለኝ። ኪሴ ውስጥ ከተተልኝ። አልጣልኩትም፣ ግን አላመሰገንኩም። ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

አልመጣም።

ጥሩ። እኔም አልጠበቅኩም። ወንበሩን ያወጣሁት ለፀሐይ ነው።

እሑድ፣ ነሐሴ 18

ነጠላዎቹን ለታዴዎስ አስረከብኩ። ዘርግቶ አየ። አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ እንደገና የመጀመሪያውን አየ። «ጋሼ… እጅዎ ይባረክ» አለ።

ሥራ ሲያምር ሰው ቃል ያጣል።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 1

ብቻዬን ተጫወትኩ፣ ከማሽኑ ጋር። በቢጫው ገመድ። የሰካችልኝ ቤተል ናት፣ እኔ ወገቤን ስላመመኝ። ማሽኑ አሸነፈኝ። ግን አያሾፍም። «ለማን ነው የምትጫወተው?» አይልም። ሲያሸንፍ ጭኑን አይመታም። ሻይ አይጠይቅም።

አጠፋሁት።

ረቡዕ፣ መስከረም 14

ዛሬ የሆነውን ልጻፈው።

መስቀላ፣ የመስቀል በዓላችን፣ ሊገባ ነው። እኛ ጋሞዎች ተጣልተን መስቀላ አንገባም። ከብቱም፣ ቅቤውም፣ ጭፈራው ሁሉ በኋላ ነው፣ መጀመሪያ ዕርቅ ነው። ታዴዎስ ሲያስማማን ሰንብቶ ዛሬ አመሻሽ ላይ አቡበከርን ይዞት መጣ። ቤተልም ነበረች። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፣ ቤቱ ጨለም ብሏል።

አቡበከር ሙስሊም ነው፣ መስቀላ የሱ በዓል አይደለም። ግን አርባ ምንጭ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፣ ደንቡን ያውቃል። ለዕርቅ እንደሚደረገው ሣር በሁለት እጁ ይዞ ደጄ ላይ ተንበረከከ። ያ ጉልበቱ፣ ደረጃ ስወጣ ያመኛል የሚለው ጉልበት። የበደልኩት እኔ፣ የተንበረከከው እሱ።

ሣሩን አየሁት። ደሜ ፈላ።

«ደረቅ ሣር ይዘህ ትመጣለህ? ለዕርቅ ለምለም ነው የሚያዘው! ንቀት ነው?»

ታዴዎስ መሬት መሬት አየ። አቡበከር ቀና ብሎ አየኝ፣ አልተቆጣም። ለምን አይቆጣም?

ቤተል ተነሳች። ሣሩን ከእጁ ተቀብላ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

ቀዝቃዛ ነው። ውሃው በክንዴ ወረደ። ጨበጥኩት፣ ለስላሳ። አሸተትኩት። አሁን የታጨደ ነው፣ ከኩልፎ ወንዝ ዳር ይሆናል።

ለምለም ነበር።

እንደገና አየሁት። ገለባ ነው። እንደገና ጨበጥኩት። ለምለም ነው።

እንዲያ ቆሜ ስንት ቆየሁ… አቡበከር «ደግፌ፣ ጉልበቴ» አለ። ጎትቼ አነሳሁት። የተደገፈው እሱ ይሁን እኔ፣ አላውቅም።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ነግሬህ ገመድ ወረወርክብኝ።»

«ከዚያ በፊትስ? ቢጫውን ‹ነካ አደረግኩት› ያልከኝስ?»

«ነጩን ነበር ቢጫው ውስጥ የሰካኸው። ሁለት ጊዜ። ምን ልበል? ቀለም አዋቂው አንተ ነህ።»

ታዴዎስ ሳቁን ዋጠው። አየሁት። ያንን ያንን አያለሁ።

«ዕቃዬን ይነቅሉብኛል» አልኩ። ለማን እንዳልኩ እንጃ።

«ማነው የሚነቅለው?» አለ አቡበከር። «ሐኪም ዘንድ እኔ አብሬህ እሄዳለሁ። የሚነቅል ካለ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ መልሼ እተክለዋለሁ።»

ሽመና የት ያውቅና።

ሐሙስ፣ መስከረም 29

ሐኪም ቤት። ዶክተሯ ልጅ ናት፣ ቤተልን ታክላለች። የዓይን ሞራ ነው አለች። በሁለቱም። «አባባ፣ ቢጫ መስታወት በዓይንዎ ላይ እንዳለ ያስቡ። ነጩን ቢጫ ያደርገዋል፣ ሰማያዊውን ያጠፋዋል።» ሥራዬን ጠየቀችኝ። ሸማኔ ነኝ ስል ቀና ብላ አየችኝ።

«እስካሁን በዚህ ዓይን ነው የሸመኑት?»

«በእጄ ነው የሸመንኩት» አልኳት።

የቀኙን ሞራ ዛሬ አወጡልኝ። የግራው ሌላ ጊዜ። አቡበከር ደጅ ተቀምጦ ነበር። ለነርሷ የባትሪ ድንጋይ ሊሸጥላት ሲሞክር ሰማሁት። ይህንን ቤተል ናት የምትጽፈው፣ እኔ እየነገርኳት። ‹ሊሸጥላት ሲሞክር› የሚለውን አጥፊው ብላት እምቢ አለች።

ዓርብ፣ መስከረም 30

ፋሻው ተነሳ። ጫሞ አልደፈረሰችም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ሰው ሳይኖር በሬን ዘግቼ ሞከርኩ።

መጀመሪያ ገመዶቹን በየተራ፣ አንድ ዓይኔን እየጨፈንኩ። በግራው ቢጫውና ነጩ ወንድማማቾች ናቸው። በቀኙ ቢጫው ሙዝ ነው፣ ነጩ ጥጥ ነው። እንዴት ነው እነዚህን ሁለቱን ያምታታሁት? ደብተሩም መስመር አለው፣ ጉድ ነው። ሰማያዊ መስመር።

ቢጫውን ሰካሁ። በበጎው ዓይን። ምስሉ አለ… ግን የልጆቹ ማሊያ ቀለም ከጠርዙ ይፈሳል። ርካሽ ክር ሲታጠብ ነጩ ላይ እንደሚለቅ። ባለ ሆዱ ቴሌቪዥን ላይ እንዲህ አልነበረም፣ ያ ቢጫውን ይወደው ነበር። ይሄ ትሪ አይወደውም።

ከዚያ ኪሴ ውስጥ የከረመውን። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ። እያንዳንዱ በየቤቱ። አሁን የየራሱ ቤት አለው።

ወይ ጉድ። የማሊያው ቁጥር ይነበባል። ሣሩ ላይ የታጨደበት መስመር አለ። ኳሷ ላይ ስፌት አለ። ደግሞ እንደ ሳጥኑ አትዘገይም፣ ስመታት ትሄዳለች።

ገመድ ሻጩ ትክክል ነበር።

ይህንን እዚህ ጻፍኩት። ሌላ ቦታ አልናገርም።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። መዘምራኑ ነጠላዬን ለብሰው ተሰለፉ። መዝሙሩን አልሰማሁም።

ግማሾቹ አረንጓዴ ናቸው። ግማሾቹ ሰማያዊ። ዳር ያለችው ልጅ ጥለት ደግሞ ሲጀምር አረንጓዴ ነው፣ መሐል ላይ ሰማያዊ ሆኖ ይቀጥላል። ይህንን ለብሰው ከነሐሴ ጀምረው ሰው ፊት ቆመዋል። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ አላለም።

ሲያልቅ ታዴዎስን ጥግ ያዝኩት።

«አረንጓዴ አልነበር ያዘዝከኝ?»

«ነበር ጋሼ።»

«ታዲያ?»

«‹የእንሰት ቅጠል ራሱ ነው› ብለው ሰጡኝ። በሽማግሌ ላይ ምን ይባላል?» ከዚያ ፈገግ አለ። «ደግሞ ስንሰለፍ ጫሞና ዳሩ ያለው ጫካ ይመስላል ተባለ። የላንቴ መዘምራን ‹ያንኑ የሠሩት አባት ይሥሩልን› ብለዋል። ልክ እንደዚሁ አድርገው።»

ልክ እንደዚሁ! ስሕተት ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት።

«አዲስ ዓይነት ጥለት ነው» አልኩት። «ጊዜ ይወስዳል።»

አሁን እንዴት አድርጌ ነው ያንን የምደግመው? ቀኝ ዓይኔን ጨፍኜ መሸመን ሳይኖርብኝ አይቀርም። የግራውን ሞራ ሳያወጡት ቶሎ መጨረስ አለብኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ጠዋት ሸመንኩ። ጉድጓዱ እንዳለ ነው። ክሩ ሲበጠስ ሳልዳብስ አየሁት።

ከሰዓት አቡበከር መጣ። አዲሱን ገመድ ሰክቼ ትቼው ነበር፣ ምንም ሳልል። ቢጫውን ጠቅልዬ ከአገርነሽ ዳንቴል ጋር ሣጥን ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ገባ። ተቀመጠ። ቴሌቪዥኑን አየ። ወደ ኋላው አንገቱን አስግጎ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀዩን አየ። እኔን አየኝ።

አሁን ይናገራል አልኩ። ተዘጋጀሁ።

«ሻይ አለ?» አለ።

ጨዋ ሰው ነው። ቀዳሁለት።

እሱ ቢጫ፣ እኔ ነጭ። ቢጫው ቢጫ ነው። ነጩ ነጭ ነው። አንድም ኳስ ለሱ አላቀበልኩም፣ ሁሉንም ለራሴ ሰዎች። ኳሷን እስከ ስፌቷ እያየሁ ነው የተጫወትኩት። ጎሉ እንዴት እንደገባብኝም ጥርት አድርጌ አየሁ። ሁሉንም ጎሎች።

«ዛሬስ ለማን ነበር የምትጫወተው?» አለና ጭኑን መታ።

መልስ ፈለግኩ። ዓይኔ ደህና ነው። ገመዱ ደህና ነው። ቴሌቪዥኑ አዲስ ነው…

ሲሄድ እስከ ደጅ ሸኘሁት። ገና ስላልጨለመ ሐይቆቹ ለየብቻ ቀለማቸው እንዳለ ነበር። ተመልሼ ብዙ አሰብኩ።

ጥፋቱ በእጄ የያዝኩት መጫወቻ ነው። ቁልፉ ላላ ብሏል። ሰኞ ሲቀላ ወርጄ ለአቡበከር አሳየዋለሁ።